ከሳጥኑ የወጣው እጅ

ያ እጅ የኔ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ስናገረው ኖሬ የሰማኝ ስለሌለ፣ ሌላውን ከማውራቴ በፊት እሱን ላስቀድም። «የጥቁሩ ኮረብታ መስፍን» በሚለው ፊልም ውስጥ፣ የሬሳ ሳጥኑ ክዳን ገርበብ ሲል ጣቶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ጠርዙን የሚጨብጠው ያ ነጭ እጅ፣ በካናቴራና በሻይ ኩባያ ላይ ሳይቀር የታተመው፣ ደም መጣጩን መስፍን ሆነው የሠሩት የሚስተር ኦብሪ ድሬይኮት እጅ አይደለም። የኔ የዶሪን ስኪልተን ግራ እጅ ነው። አውራ ጣቱ ሥር ያለችው ሦስት ማዕዘን ጠባሳ የካውያ ጫፍ የተወብኝ ናት። ይህን ስጽፍ ወረቀቱን የያዝኩት በሱው እጅ ስለሆነ እያየኋት ነው።

ባለቤቴ ሬጅ «ተይው ዶር፤ እጅ እኮ ነው፤ ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት አለው» ይለኛል። ቢለኝም ያምነኛል፤ እሱ ብቻ። ሰው ቢሰድበኝ እችላለሁ። በገዛ እጄ ውሸታም መባልን ግን አልችልም።

ወንዙ ዳር ያለው ትልቅ ቤት ዛሬ ተከፋፍሎ ሀብታሞች ይኖሩበታል እንጂ ያን ጊዜ ፊልም መሥሪያ ነበር። እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ ትምህርት አቁሜ ልብስ ማጠቢያ ቤት ገባሁ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ደግሞ እዚያ ልብስ ተኳሽ ሆኜ ተቀጠርኩ። እናንተ በፊልሙ አንድ ሸሚዝ ካያችሁ እኛ ዘንድ ሦስት ነው፤ አንዱ ደም ሲፈስበት ሁለተኛው ተተኩሶ መጠበቅ አለበት፣ ሦስተኛው ለክፉ ቀን። ደሙ ሽሮፕና የምግብ ቀለም ነበር። ዝንብ ይወደዋል፤ ከዳንቴል ደግሞ አይለቅም። ያው አንዱ ደረጃ በዚህ ፊልም የመስፍን ግንብ ከሆነ በሚቀጥለው ገዳም ይሆናል፤ ቀለሙን ብቻ ይለውጡታል። እኔ ግን ሦስተኛዋ እርከን ስትንቋቋ በድምፅዋ አውቃታለሁ።

ሚስተር ድሬይኮት ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ምሳ ሰዓት ላይ የውሸት ክራንቻቸውን ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ከተው፣ ሙሉ ጥቁር ካባቸውን እንደለበሱ፣ የአይብ ሳንድዊች እየበሉ ጋዜጣ ላይ የፈረስ ውድድር ያነባሉ። ጠዋት ጠዋት አንገታቸውን ወደ ካውያ ክፍላችን አስግገው «እንደምን አደራችሁ፣ እመቤቶች» ይሉናል። እመቤት ብሎን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ካሜራው ፊት ቆመው ደግሞ «እንደምን አመሻችሁ» ሲሉ፣ ያንኑ ሰላምታ በዚያው ድምፅ፣ ከኋላ ቆመን የምናያቸው ሴቶች ክንዳችን ላይ ያለው ፀጉር ይቆማል። እንዴት እንደሚያደርጉት እስከ ዛሬ አልገባኝም። አይጮሁ፣ አይሮጡ። በር ላይ ይቆማሉ፣ በቃ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት፣ በየካቲት ወር፣ የሳጥኑ ቀረጻ ደረሰ። ሚስተር ድሬይኮት ወደ ሳጥኑ ሄዱ፣ ውስጡን አዩ፣ ተመልሰው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ውሃ ለመኑ። እንደገና ሄዱ፣ እንደገና ተመለሱ። ከዚያ ዳይሬክተሩ ሰዉን ሁሉ ሻይ ጠጡ ብሎ አስወጣና ራሱ ወደኛ ክፍል መጣ።

«እጃችሁን ዘርጉ» አለን።

አምስት ሴቶች እጃችንን ዘረጋን፤ እንደ ትምህርት ቤት ጥፍራችን ሊታይ ይመስል። የኔ ጣቶች ረጃጅምና አጥንታም ናቸው፤ እናቴ የሣር መቧጠጫ ትለኝ ነበር። ዳይሬክተሩ እጄን ይዞ አገላበጠው።

«ይህቺ ምንድን ናት?»

«ካውያ ነው ጌታዬ። ዛሬ ጠዋት ነው የነካኝ።»

«ትሸፈናለች» አለ።

አልተሸፈነችም። የሜካፑ ሰውዬ ሰም ለጠፈባት፣ ዱቄት ነፋባት፤ ሳጥኑ ውስጥ ገብቼ ክዳኑ ሲዘጋብኝ እጄ ላበውና ሰሙ ተንሸራተተ። አሥራ አንድ ጊዜ ቀረጹኝ። ክዳኑ እውነተኛ የኦክ እንጨት ነበር፣ ከባድ። ጥፍሮቹ በማጣበቂያ የተለጠፉ ስለሆኑ ጠርዙን ከነኩ ይነቀላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ በትንሿ ጣቴ ጠርዙ የት እንዳለ ዳሰስኩ፣ ከዚያ ቀጥላ ያለችውን፣ ከዚያ መካከለኛዋን። ዛሬ የተማሩ ሰዎች ስለዚያ እጅ ይጽፋሉ፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ መውጣታቸው «የሞት እርጋታ» ነው ይላሉ። እርጋታ አልነበረም። ጥፍር እንዳይነቀልና አሥራ ሁለተኛ ጊዜ እንዳልገባ ነው።

በማግስቱ ሚስተር ድሬይኮት ካውያ ክፍል መጡ፤ ብቻዬን ነበርኩ። ሳጥኑ ውስጥ ለምን መግባት እንዳቃታቸው ነገሩኝ። ከጦርነቱ ጊዜ የመጣ ነገር ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

«ዶሪን፣» አሉኝ፣ «በሕይወት እስካለሁ እጁ የኔ ይሁን። ከሞትኩ በኋላ ያንቺ ነው፤ ለፈለግሽው ንገሪ። ምክንያቱን ግን ለማንም እንዳትነግሪ።»

«ለማንም አልናገርም፣ ሚስተር ድሬይኮት።»

ከዚያ በኋላ በሦስት ፊልም ሳጥን ውስጥ የተኛሁት እኔ ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት አፌን ዘጋሁ። ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት ሜይደንሄድ ሲኒማ ቤት ከሬጅ ጋር ነው፤ ገና አልተጋባንም። እጄ ከሳጥኑ ሲወጣ ከኋላችን ያለች ሴት ጮኻ የያዘችውን ብርቱካን ሁሉ ወለሉ ላይ በተነችው። ሬጅ ራሱ ደንግጦ እጄን ያዘኝ። ያንኑ እጅ! ሳቄን መያዝ አቅቶኝ መሐረቤን ነከስኩ፤ እሱ የማለቅስ መስሎት የባሰ አጥብቆ ያዘኝ። ለሱም ቢሆን የነገርኩት ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ነው።

እነዚያን ፊልሞች እወዳቸዋለሁ። የሠራሁባቸው ስለሆነ ብቻ አይደለም። የዛሬዎቹ አንጀት ይዘረግፉና አስፈራን ይላሉ፤ እኔ ሥጋ ቤት ገብቼ አልፈራም። የድሮዎቹ አንድ ሻማ፣ አንድ በር፣ ደረጃ ላይ አንድ ጫማ ያሳዩሃል። ቀሪውን ራስህ ታመጣዋለህ።

ሚስተር ድሬይኮት በሰማንያ ስድስት በመኸር ሞቱ። አለቀስኩ። ከዚያ እጄን ለማስመለስ ተነሣሁ።

የሚስተር ድሬይኮት አድናቂዎች ማኅበር በየዓመቱ በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመንደራችን አዳራሽ ይሰበሰባል። ከሊድስ፣ ከብሪስቶል፣ ከየትም ይመጣሉ፤ ጥቁር ካባ ለብሰው ከአውቶቡስ ሲወርዱ ውሾች ይጮኹባቸዋል። መጋረጃ ዘግተው ፊልም ያያሉ፣ ከዚያ ሻይና ኬክ። ሻዩን የማፈላው እኔ ነኝ፤ ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ። ፊልሙን ከወጥ ቤቱ በማቀበያው መስኮት አያለሁ። ሊቀመንበሩ ክላይቭ ፓርፊት ነው። የዚሁ መንደር ልጅ ነው፤ እናቱን አውቃታለሁ፤ ዛሬ አርባ ዓመት ሞልቶታል፣ ከተማ ያስተምራል። ስለ ሚስተር ድሬይኮት መጽሐፍ ጽፏል፤ ቀጭን ነው ግን መጽሐፍ ነው። እዚያ ውስጥ እጁ ላይ ያለችው ምልክት የጦር ሜዳ ቁስል ናት ይላል።

መጀመሪያ ስነግረው ሳቀ።

«ሚስስ ስኪልተን፣ እርስዎ ደግሞ ይቀልዳሉ።»

«አልቀልድም። ይኸው እያት።»

«ካውያ የሚተኩስ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ምልክት አለው። እናቴም አላት።»

«እናትህ ሸሚዝ ተኩሳ አታውቅም፤ አባትህ ተጨማድዶ ነው የሞተው።»

እንዲህ እያልን ስድስት ዓመት። ሻይ ሊወስዱ ለሚመጡትም አሳያቸዋለሁ። እንግሊዞች ነን፤ ፊት ለፊት ውሸታም አይሉህም። «ደስ ይላል» ይሉና ስኳር ይጨምራሉ። ከሊድስ የምትመጣ ሚስ ሂልዳ ትሮት የምትባል አሮጊት ብቻ መነጽሯን አድርጋ አንድ ቀን ደህና አድርጋ አየችኝ፤ እሷም ምንም አላለች።

አምና ግን ክላይቭን ያዝኩት። ከፊልሙ በኋላ ጥያቄ ያለው ሲባል በማቀበያው መስኮት ብቅ ብዬ «እኔ አለኝ» አልኩ።

«ሻዩ ደረሰ እንዴ ሚስስ ስኪልተን?»

«ሻዩ ይቆይ። ሚስተር ድሬይኮት እዚሁ ፊልም ውስጥ እራት ላይ ወይን ሲቀዱ ግራ እጃቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምልክቷ የታለች? የጦር ሜዳ ቁስል እራት ሲሆን ተነሥቶ ይሄዳል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሚስ ትሮት አጨበጨበች። ክላይቭ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ እግሬ መሬት አልነካም። አበቃ፣ አመኑኝ አልኩ።

ዘንድሮ ቅዳሜ ጠዋት የጠረጴዛ ልብሶቹን እየተኮስኩ ሳለሁ፣ ሁልጊዜም ከሻይ በፊት እተኩሳቸዋለሁ፣ ክላይቭ ካርቶን ተሸክሞ ወጥ ቤት ገባ።

«ይህን ከሻዩ ጋር ለአባላቱ ያድሉልኛል። ለእያንዳንዱ አንዳንድ፤ ስልሳ ሁለት ነው። የዓመቱ ማስታወሻ።»

ከፈትኩት። የኔ እጅ ነው። በወፍራም ወረቀት፣ በትልቁ የታተመ፤ የሳጥኑ ጠርዝ፣ ጥፍሮቹ፣ የመስፍኑ ቀለበት፤ በክር ጠምጥመው ያጠበቡልኝ ቀለበት። እንዴት ያምራል! ከዚያ አውራ ጣቱን አየሁ። ወደ መስኮቱ ወስጄ ደግሜ አየሁ።

«ክላይቭ፣ ምልክቷ የታለች?»

«እ... እሷ የፊልሙ ጉድፍ ናት። አታሚዎቹ አጸዱልን።»

«ጉድፍ?»

«አሮጌ ፊልም ላይ ይኖራል። አምና ራስዎ አይደሉ እንዴ የጦር ቁስል አይደለችም ያሉት? ትክክል ነዎት። በመጽሐፉ ሁለተኛ እትም አስተካክያለሁ።»

«እኔ ያልኩት የኔ ናት ነው!»

«ሚስስ ስኪልተን፣» አለ፤ ካርቶኑ ላይ ተደግፎ እንደ ተማሪ ሊያስረዳኝ፣ «ሰውዬው በዘጠኝ ፊልም ደም መጣጭ ሆነዋል። ከሳጥን መውጣት ሥራቸው ነው። ለምን ብለው ነው የልብስ ተኳሽ እጅ የሚበደሩት? እስቲ አንድ ምክንያት ይንገሩኝ። የሚያሳምን አንድ ብቻ። እውነቴን ነው፣ እነዚህን ጥዬ እንደገና አሳትማለሁ። ከሥሩም 'የዶሪን ስኪልተን እጅ' ብዬ እጽፋለሁ።»

እንዲህ ያለኝ የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ምክንያቱ ምላሴ ላይ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ሰምቶ ሳያምን አይቀርም፤ ማንም ያምናል። ሚስተር ድሬይኮት ሞተዋል፣ ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ማን ይጎዳል? አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ክላይቭ የያዘውን እስክሪብቶ አየሁ። ጫፉን ከፍቶታል። ለሦስተኛው እትም ነው። ስልሳ ሁለት ሰው በኬክ እያጣጣመ ያወራዋል፤ ሰውዬው በር ላይ ቆመው «እንደምን አመሻችሁ» ባሉ ቁጥር ሰው የሚያስበው እሱን ይሆናል። ማንም አይፈራቸውም። ያዝኑላቸዋል።

«አልናገርም» አልኩ።

«ስለሌለ ነዋ።»

«አለ። አልናገርም።»

«እንግዲያው ከሻዩ ጋር ያድሉልኝ» ብሎ እስክሪብቶውን ዘግቶ ወጣ። ከበሩ ዞር ብሎ ደግሞ «ኬኩ ውስጥ ዘቢብ አለው? ለሚስተር ዌብ አይስማማውም» አለኝ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን መጋረጃው ተዘጋ፣ ፊልሙ ጀመረ። እኔ ማቀበያውን ዘግቼ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆምኩ። ላለቅስ ፈለግሁ፤ ንዴት ሆነብኝና እንባው አልመጣም። የጠረጴዛ ልብሶቹን ልጨርስ ብዬ ካውያውን አነሣሁ። ለቁጣ ካውያ ጥሩ ነው፤ ሁልጊዜ ያረጋኛል። ያን ጊዜ የካውያውን ጫፍ አየሁ።

አንዱን ሥዕል አውጥቼ የካውያው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። የራሴን እጅ ከጎኑ አስቀመጥኩ፤ ጠባሳዋ የት ጋ እንደሆነች፣ ጫፏ ወደ የት እንደምትጠቁም አየሁ። ወደ ክንድ ነው የምትጠቁመው። ከዚያ የካውያውን ጫፍ አውራ ጣቱ ሥር አሳረፍኩ።

የመጀመሪያው ተበሳ፤ ቶሎ አላነሣሁም። ሁለተኛው ደግሞ ፈዘዘ፣ የሻይ ጠብታ መሰለ። ሦስተኛውን በልቤ አራት ድረስ ቆጥሬ አነሣሁ። ቡናማ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ዙሪያዋ ትንሽ የጠቆረ። ልክ እሷን። የመጀመሪያ ቀን ያየኋትን ትመስላለች፤ ቆዳዬ ላይ ያለችው ዛሬ ነጥታለች።

በግድግዳው ማዶ ፊልሙ ይሄዳል። ሳላየው ሁሉንም አየዋለሁ። ሠረገላው መጣ፤ ሰባት ሥዕል ጨርሻለሁ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ለልጅቷ መስቀሉን ሰጠቻት፤ አሥራ አምስት። ሦስተኛዋ እርከን ተንቋቋች። ሚስተር ድሬይኮት «እንደምን አመሻችሁ» አሉ፤ ካውያውን አቁሜ ሰማሁ፤ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ሃያ ስድስት። ሙዚቃው ሲቀንስ ሳጥኑ መድረሱን አወቅሁ። ያቺን ቦታ አምልጣኝ አታውቅም፤ ማቀበያውን አንድ ጣት ያህል ገርበብ አድርጌ አየሁ። ትንሿ ጣት። ቀጥላ ያለችው። መካከለኛዋ። ስልሳ ሁለት ሰው፣ አፉን ያልያዘ የለም። ዘግቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

መጨረሻው ሊደርስ ሲል አዳራሹ ውስጥ «የሚቃጠል ነገር ይሸታችኋል?» ሲባል ሰማሁ። ሌላው «ሽሽ! መስፍኑ ነው የሚቃጠለው» አለው፤ ሳቁ። የመጨረሻዋን ተኩሼ ካውያውን ነቀልኩ። መብራት በራ፣ መጋረጃ ተከፈተ። ማቀበያውን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

ሰልፍ ያዙ። ካባቸውን ሰብስበው፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ ሳይጋፉ። ለእያንዳንዱ በግራ እጄ ኩባያውን፣ በቀኝ እጄ ሥዕሉን ሰጠሁ። የመጀመሪያው ሰውዬ ሥዕሉን ተቀብሎ «ሞቅ ይላል» አለ። አየው። ከዚያ ኩባያውን የያዘውን እጄን አየ። ኩባያውን መቀበል ረሳ፤ ከኋላው ያሉት ጉሮሯቸውን ጠረጉበት። ሥዕል ያያሉ፣ እጄን ያያሉ፣ ስኳር ይጨምራሉ።

ሚስ ትሮት ተራዋ ሲደርስ ኩባያውን አስቀመጠችና መነጽሯን አወጣች። ሥዕሉን ከእጄ አጠገብ፣ ጠባሳዋን ከጠባሳዋ አጠገብ ያዘችው።

«ሳጥኑ ውስጥ ይበርድ ነበር?» አለችኝ።

«ይሞቅ ነበር፣» አልኩ፣ «ሰሙን ያቀለጠው እሱ ነው።»

«እንደሱ ነው የሚመስለው» ብላ ሥዕሉን እንዳይታጠፍባት ደረቷ ላይ አድርጋ ሄደች።

ሊቀመንበር ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚሰለፈው፤ ደንቡ ነው። ክላይቭ ሲደርስ ከሰው ሰምቶ ነበር፤ ከንፈሩ ነጥቷል።

«ሚስስ ስኪልተን፣ የማኅበሩን ንብረት... ስልሳ ሁለቱንም?»

«ስልሳ ሁለቱንም። የመጀመሪያው ስለተበሳ ያንተ እሱ ነው።»

ቀዳዳውን ከሥዕሉ ኋላ ጣቱን አስገብቶ አየው። «ይህ ምንም አያስረዳም» አለ። «ማንም ሰው በካውያ...»

ኩባያውን ሞላሁለት። ግራ እጄን ከነጠባሳዋ አፍንጫው ሥር አቀረብኩለት።

«ወተት?» አልኩት።